ከካሶኒ ላይ መውደቅ፦ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የሚሠራ የአንድ ጭነት አድራሽ ሠራተኛ ጉዳት

በአንድ የነሐሴ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከኮምቦልቻ መጋዘን ዕቃ ጭኖ ወደ ደሴ በወጣ መካከለኛ የጭነት መኪና ላይ በጫኝና አውራጅነት የሚሠራ ወጣት፣ መኪናው ደሴ ውስጥ አራዳ አካባቢ ዳገት ላይ ቆሞ የዱቄት ጆንያ ወደ ካሶኒው፣ ማለትም ወደ መኪናው የጭነት ሳጥን፣ አፋፍ እየጎተተ ሳለ ወደ ኋላው ወደቀ። ቀኝ ተረከዙ ተሰበረ፣ የወገቡም አንድ አንጓ ተጨፍልቆ ተገኘ። በነጋዴው መዝገብ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ልጁ ዕቃ ሲያወርድ አንሸራቶት ወደቀ ይላል። በሕክምና ወረቀቱም ላይ የአደጋው ምክንያት ከዚህ የሰፋ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት የተጎጂው ቤተሰብና ነጋዴው በሽማግሌዎች ፊት በተቀመጡ ጊዜ፣ ሁለቱም ወገኖች ነገሩ ከሥሩ ተጣርቶ በጽሑፍ እንዲቀርብላቸው ስለ ጠየቁኝ ነው። ተጎጂውን፣ ሾፌሩን፣ ከታች ሆነው ይቀበሉ የነበሩትን ሁለት ባልደረቦቹን፣ ዕቃውን የተረከበውን ባለሱቅና ነጋዴውን ለየብቻ አነጋግሬያለሁ፤ መኪናውንና የቆመበትን ቦታም አይቻለሁ። የማንንም ስም አልጠቅስም፣ ሁሉም ግን ጉዳዩ ለሌሎች ሠራተኞች ትምህርት እንዲሆን ፈቅደዋል። ከምርመራው የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ወጣቱ የተንሸራተተው በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ ቢሆንም፣ እንዲንሸራተት ያደረጉት ነገሮች ግን ከማለዳ ጀምሮ አንድ በአንድ በሌሎች ሰዎች ውሳኔ የተሰናዱ ነበሩ። ከወደቀም በኋላ የደረሰበት ተጨማሪ ጉዳትና መጉላላት የመጣው ይህ ሰው የማን ሠራተኛ እንደሆነ አስቀድሞ የወሰነ አካል ስላልነበረ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር

ኮምቦልቻ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚወጣው፣ እንዲሁም በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ እዚያ ይገናኛሉ። ደረቅ ወደቡ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉ በከተማዋ ውስጥ ከባድ የጭነት እንቅስቃሴ ፈጥረዋል። ስለ ጭነት አደጋ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ተሳቢውንና ቁልቁለቱን ነው። ብዙ ሰው የማያየው ግን ከኮምቦልቻ መጋዘኖች ተነስተው በደሴ ሱቆች ደጃፍ እየቆሙ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ዘይትና ሳሙና የሚያከፋፍሉት የመካከለኛ መኪኖች ሥራ ነው። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሽቅቡ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። በክረምት ኮምቦልቻ ላይ በደረቅ መሬት የተጫነ ዕቃ ደሴ ሲደርስ ዝናብና ጉም ይጠብቀዋል።

መኪናው የነጋዴው ነው። ሾፌሩ የወር ደመወዝተኛ ነው። ሦስቱ ጫኝና አውራጆች ግን የሚከፈላቸው በቁርጥ ነበር፤ ለአንድ መኪና ጭነት፣ መጫኑንም ማውረዱንም ጨምሮ፣ የታወቀ ዋጋ ተቀምጦለት ለሦስት ይካፈሉታል። ማለዳ የሚጠራቸው ሾፌሩ ነው፣ ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴው ነው፣ ሒሳቡን ሾፌሩ በደብተሩ ይጽፈዋል፣ ቅዳሜ ነጋዴው ይከፍላል። የጽሑፍ ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ይህ አሠራር በዚያ ሰፈር ካሉ መጋዘኖች ልዩ አይደለም፤ ነጋዴውም እንደ ክፉ ሰው የሚታይ አይደለም፤ ሠራተኞቹ ሐጂ እያሉ በአክብሮት ነው የሚጠሩት፣ በዓል ሲደርስም አይረሳቸውም። ይህን የማነሳው ጉዳቱ በደግነት ጉድለት የመጣ እንዳይመስል ነው።

የዕለቱ አጫጫን

ዕቃው ለሦስት ሱቆች ነበር። ጠዋት ሲጫን ዱቄቱ በ50 ኪሎ ጆንያ ቀድሞ ገባ፣ ከጋቢናው ጀርባ ተደገፈ። በላዩና በፊቱ የፓስታና የሳሙና ካርቶን ተደረደረ። ባለ 20 ሊትሩ የዘይት ጄሪካን መጨረሻ ላይ ስለ ደረሰ በኋለኛው በር አፋፍ፣ በባዶው ላሜራ ላይ ቆመ። አንድ ጄሪካን ዘይት 18 ኪሎ ከግማሽ ገደማ ይመዝናል፤ ክዳኑ በትክክል ካልተጠበቀ በመንገዱ መንቀጥቀጥ ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም። ከመካከላቸው የአንዱ ክዳን የተሰነጠቀ እንደነበር ከባልደረቦቹ አንዱ ሲጫን አይቷል፤ ለመጋዘኑ ሰውም ተናግሯል። የተሰጠው መልስ ቶሎ ስለሚራገፍ ችግር የለውም የሚል ነበር።

እንደተባለውም ዘይቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሱቆች ሙሉ በሙሉ ወረደ። የፈሰሰው ግን ከመኪናው አልወረደም። ሠራተኛው በሦስተኛው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ጆንያ ሊያቀብል እግሩን በሚያዞርበት ጠርዝ ላይ፣ በላሜራው ላይ ተነጥፎ ቀርቷል። ከቀዳዳ ጆንያዎች የበነነው ዱቄት በላዩ ላይ ወርዶበታል፤ ዝናብ የነካው ጫማም ውሃ ጨምሮበታል። ዱቄትና ዘይት ውሃ ሲነካቸው ለጥ ያለ ልጥፍ ይሆናሉ፤ ከላይ ሲያዩት ደረቅ አቧራ ስለሚመስል ደግሞ ከንጹሕ ዘይት ይልቅ ያታልላል። ከአደጋው በኋላ መኪናው ሳይታጠብ ስላገኘሁት ይህንን በእጄ ዳስሼ አረጋግጫለሁ። የካሶኒው ላሜራ በመጀመሪያ ሲሠራ የነበረው ጎርበጥባጣ ቅርጽ በዓመታት መጎተት አልቆ፣ በተለይ በጠርዙ አካባቢ እንደ መስታወት ለስልሷል። ወጣቱ ያደረገው ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ሶሉ ላይ የቀረ መስመር አልነበረም።

የደሴ ከተማ አቀማመጥ የታወቀ ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች ዋና ጎዳናዋን ትቶ ወደ ውስጥ የሚገባ መኪና ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ላይ ይቆማል። በዚያ ቀን መኪናው የቆመው ፊቱን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ታች አድርጎ፣ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ በሚል መንገድ ላይ ነው። ይህ ማለት የካሶኒው ወለል በሙሉ ወደ ክፍቱ በር ያዘነብላል ማለት ነው። ሾፌሩ የእጅ ፍሬን ይዟል፤ ለኋላ ጎማው ግን ታኮ፣ ማለትም እንዳይንከባለል የሚያግደው ነገር፣ አላደረገም። ሊያደርግ የሚችለው ታኮ በመኪናው ላይ አልነበረም፣ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ፈልገው ነው የሚያደርጉት፤ በዚያ ቀን ግን ለድንጋይ ፍለጋ ጊዜ አልነበረም።

ጊዜ ያልነበረበትን ምክንያት ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱም በእኔ እምነት የጉዳዩ ዋና ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ቁርጥ ነው። ለአንድ ጭነት የተወሰነ ዋጋ የሚከፈለው ሰው ፋታ ወስዶ ወለል ቢጠርግ፣ ታኮ ቢፈልግ፣ መሰላል ቢያቆም ያጠፋው ጊዜ የራሱ ኪሳራ ነው፤ ጥንቃቄው ከኪሱ ይወጣል። ሁለተኛው በየሰፈሩ ያሉት የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ጉዳይ ነው። በደሴ እንደ ሌሎች ከተሞቻችን ሁሉ በአንድ ሰፈር የሚወርድ ጭነት ለሰፈሩ ማኅበር ይገባል የሚል ልማድ አለ። ነጋዴው ከኮምቦልቻ የራሱን ሰዎች የሚልከው ሁለት ጊዜ ላለመክፈል ነው፤ ሰዎቹም የሰፈሩ ልጆች መጥተው ጭቅጭቅ ሳይነሳ ቶሎ አራግፈው መሄድ ይፈልጋሉ። የማኅበሩን አባላት አልወቅስም፤ እነሱም የሚያድሩበት እንጀራ ነው። ነገር ግን በሁለት ወገን የእንጀራ ጥያቄ መካከል የገባው ሠራተኛ በሩጫ እንዲሠራ ተገድዷል። ሦስተኛው ዝናቡ እየከበደ መምጣቱና ሾፌሩ ጉም ሳይወርድ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ለመመለስ መቸኮሉ ነው፤ ይህ የሾፌሩ ፍርሃት ትክክለኛ ነበር፣ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርለታል።

አወዳደቁ

ሁለቱ ባልደረቦች ከታች ቆመው በትከሻቸው ይቀበላሉ፤ እሱ ከላይ ሆኖ ጆንያውን ከክምሩ ሥር ይዞ፣ ፊቱን ወደ ጋቢናው፣ ጀርባውን ወደ ክፍቱ በር አድርጎ፣ የኋሊት እየሄደ ወደ ጠርዙ ይጎትታል። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያሸክማቸዋል። የጠርዙን ቦታ የሚያውቀው በልማድ ነው፤ በእግሩ የሚዳሰስ ጉብታም፣ በዓይኑ የሚታይ ቀለምም አልነበረም።

ከመጨረሻዎቹ ጆንያዎች አንዱ በሌላው ሥር ተይዞ እምቢ አለው። በሁለት እጁ የጆንያውን ጆሮ ጨምድዶ፣ ተረከዙን ተክሎ፣ በመላ ክብደቱ ወደ ኋላ ሳበው። እዚህ ላይ የሚሆነውን ነገር ማንም ሸክም የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፤ ከባድ ነገር በኃይል የሚስብ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በራሱ እግር ብቻ አይደለም፣ የሚስበው ዕቃም እየያዘው ነው። ዕቃው በድንገት ሲለቅ ወይም መያዣው ሲበጠስ የሰውየው ክብደት ከተረከዙ ኋላ ይቀራል፤ መውደቅን ለመከላከል ያለው አንድ ዕድል አንድ እግሩን ፈጥኖ ወደ ኋላ መትከል ነው። የጆንያው ጆሮ ተቀደደ። እግሩን ወደ ኋላ ሲሰድድ ያረፈው በዘይቱና በዱቄቱ ልጥፍ ላይ ነበር፤ ወለሉም ወደዚያው ያዘነበለ ነበር። ሁለተኛው እርምጃ አየር ላይ ሆነ።

ከካሶኒው ጠርዝ እስከ መሬት አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲም ገደማ ነው። ይህንን ቁጥር ስነግራቸው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ልጅ እንኳ የሚዘለው ከፍታ አይደለም ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ አካል መሬት የሚነካው ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ፣ በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። የሚዘል ልጅ ወዴት እንደሚያርፍ ያውቃል፣ ጉልበቱን አጥፎ ይቀበላል። ወደ ኋላው የሚወድቅ ሰው ግን መሬቱን አያየውም፣ በግማሽ ሴኮንድም ውስጥ ሰውነቱን ማሰናዳት አይችልም። ይህ ወጣት በቀኝ ተረከዙ፣ ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ፣ በኮብልስቶን ላይ አረፈ፤ ወዲያው በመቀመጫው ተደፋ። ክብደቱ በሙሉ በተረከዙ አጥንት አልፎ፣ ቀጥሎም በዳሌው በኩል ወደ አከርካሪው ተላለፈ። በጫኝና አውራጅ ሥራ ሰው የሚፈራው ከተከመረ ጭነት ጫፍ፣ ሸራ ሲያስር መውደቅን ነው፤ ያም እውነተኛ አደጋ ነው፣ ከሦስት ሜትር የሚወድቅ ሰው በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይመታል። ነገር ግን ማንም የማይፈራው የካሶኒው ጠርዝ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ቦታ ነው።

ከወደቀ በኋላ የነበሩት ሰዓታት

ባልደረቦቹ የሮጡት በቅን ልብ ነው። አብሽር እያሉ አንዱ በብብቱ፣ ሌላው በእግሮቹ ይዘው አነሱትና ጆንያ ላይ አስቀመጡት። ባለሱቁ ውሃ አመጣለት። እሱ ራሱ፣ እናንተ ጨርሱ እንጂ እኔ ደህና ነኝ፣ እግሬ ብቻ ነው ይላቸው ነበር። የቀረው ዕቃ እስኪወርድ ጠበቀ፤ ከዚያ ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጦ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ተጉዞ ኮምቦልቻ ቤቱ ገባ። ማታ እግሩ አብጦ ቆዳው ሲወጠር ጎረቤት ያለ ወጌሻ ተጠራ፣ ቅቤ ቀብቶ አሸው፣ ቁርጭምጭሚቱ ወልቋል ብሎም ጎተተው። በማግስቱ ሕመሙ ስለ ባሰ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በራጅ የተረከዝ አጥንቱ ተሰብሮ መግባቱ ታየ። የመረመረው ሐኪም እግሩን አይቶ አላበቃም፤ ወገቡን አንጓ በአንጓ እየተጫነ መረመረው፣ ሌላ ራጅም አዘዘ፤ የወገቡ የመጀመሪያ አንጓ ፊቱ ተጨፍልቆ ተገኘ።

ይህ ሐኪም ያደረገው ነገር በሕክምናው ዓለም የታወቀ ጥንቃቄ ነው። ከከፍታ ወድቀው ተረከዛቸው ከሚሰበር ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ የወገብ አጥንቱም አብሮ ይሰበራል፤ የተረከዙ ሕመም እጅግ ስለሚያይል ታማሚው ወገቡን አይናገርም። ከካሶኒ በእግሩ ወይም በመቀመጫው የወደቀ ሠራተኛ ሁሉ፣ ቆሞ ቢናገር እንኳ፣ አከርካሪው ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ አከርካሪ ጉዳተኛ መያዝ አለበት። በብብትና በእግር ይዞ ማንሳት ወገብን በመሃል ያጥፋል፤ በጋቢናም በባጃጅም ተጣጥፎ መቀመጥ እንዲሁ። የተጨፈለቀ አንጓ ስብርባሪው ወደ ኋላ ከተገፋ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ ሊጫነው ይችላል፣ ያኔ እግር መንቀሳቀስና ሽንት መቆጣጠር ይቀራል። ይህ ወጣት ከዚህ ያመለጠው በአላህ ቸርነት ነው፤ በተደረገለት እርዳታ ምክንያት አይደለም።

መደረግ የነበረበት አስቸጋሪ አልነበረም። ከወደቀበት ሳይነሳ በጀርባው እንደተኛ ማቆየት፣ ብርድና ዝናቡን በሸራ መከለል፣ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ መቻሉንና ሲነኩት መሰማቱን መጠየቅ፣ አምቡላንስ መጥራት፤ የግድ መነሳት ካለበትም አራት ሰው ሆኖ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን በአንድ ላይ ደግፎ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማዞር ነበር። ጠፍጣፋው ነገር እዚያው ነበር፤ ሱቅ ደረጃ ላይ ጭነት ለማሻገር የሚዘረጉት ረጅም ሳንቃ በካሶኒው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ወጌሻውን በተመለከተ፣ በወሎም ሆነ በሌላው አገር ሕዝቡ በወጌሻ ላይ ያለውን እምነት አቃልዬ አልናገርም፤ ነገር ግን ያበጠና የተወጠረ እግር ራጅ ሳይነሳ መታሸትና መጎተት የለበትም፤ ስብራት ካለ አጥንቱን የበለጠ ያናጋዋል፣ እብጠቱንም ያባብሰዋል። የዚህ ወጣት እግር ቆዳው ላይ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናን ትተው በጀሶና በእረፍት ለማከም መርጠዋል።

የማን ሠራተኛ ነው?

ከሳምንት በኋላ የሕክምናው ወጪ ሲጠራቀም ቤተሰቡ ነጋዴውን ጠየቀ። ነጋዴው ከኪሱ የተወሰነ ገንዘብ ሰጠ፤ ነገር ግን የሰጠው እንደ እርዳታ መሆኑን፣ ልጁ በቁርጥ የሚሠራ እንጂ ተቀጣሪው እንዳልሆነ፣ የሚጠራውም ሾፌሩ እንደሆነ ገለጸ። ሾፌሩ እሱ ራሱ ተቀጣሪ መሆኑን ተናገረ። ባለሱቁ ዕቃው ከደጄ ሳይገባ የደረሰ ነገር አይመለከተኝም አለ። የሰፈሩ ማኅበር ደግሞ አባላችን አይደለም፣ እንዲያውም ያለ መብቱ ሲያወርድ ነው የወደቀው አለ። አራቱም የተናገሩት በየራሳቸው እይታ እውነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን በጀሶ የታሰረ ሰው ያለ ገቢ ቤት መዋሉ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ዝም አላለም። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፣ ወይም ለተወሰነ ሥራ አገልግሎት ለመስጠት ሲስማማ ነው፤ በቁርጥ መከፈሉ ብቻውን ሠራተኛነቱን አያስቀርም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህን አለማድረጉም ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። እርግጥ ነው፣ አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም፤ የነጋዴውም ክርክር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ያቀረብኩላቸው ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፦ መኪናው የማን ነው? በየት ሱቅ በምን ቅደም ተከተል እንደሚወርድ የሚያዝዘው ማን ነው? ዋጋውን ማን ይወስናል? ልጁ ነገ አትምጣ ቢባል የሚለው ማን ነው? ልጁ በዚያው ሳምንት ለሌላ ነጋዴ ይሠራ ነበር ወይ? መልሱ ሁሉ ወደ አንድ ሰው አመለከተ። ሐጂውም ሲጠየቅ አልካደም።

ሠራተኛነቱ ከታወቀ በኋላ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ብዙ ቦታ የለውም። አዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ከዚህ ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካደረሰ ነው፤ ለምሳሌ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ ከሆነ። እዚህ ላይ ሊጣስ የሚችል የተሰጠ መመሪያም አልነበረም። አሠሪው የሕክምናውን ወጪ፣ የቀዶ ሕክምናውን፣ የመድኃኒቱንና የድጋፍ መሣሪያውን ጭምር ይሸፍናል። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ አማካይ ደመወዙ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ ባሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። የቁርጥ ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ እንዴት ይሰላል የሚለው ጥያቄ ሽማግሌዎቹን ለጊዜው አቁሟቸው ነበር፤ የፈታው የሾፌሩ ደብተር ነው። እያንዳንዱ ጭነትና የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በቀን ተጽፎ ስለነበር ያለፉት ወራት ገቢ ተደምሮ አማካዩ ወጣ። ሾፌሩ ለራሱ ማስታወሻ ብሎ የያዘው ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ነገሩ በግምት ይቀር ነበር፤ በቁርጥ የሚሠሩ ሁሉ ድርሻቸውን በቀኑ እንዲጽፉ አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ በሽምግልና ማለቁ ፈጣን ነበር፤ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ ምናልባት ጀሶው እስኪወልቅም አያልቅም ነበር። ይሁን እንጂ በመሃል አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በጥቅል የሆነ ገንዘብ ተቀብሎ ይቅር እንዲል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ይህን ተቃውሜያለሁ። ሕግ የሰጠውን የዝቅተኛ መብት ልክ በእርቅ ማሳነስ፣ በተለይ ተጎጂው ገና የጉዳቱን ስፋት ሳያውቅ፣ ለዘለቄታው ሁለቱንም ወገን ያቀያይማል። በመጨረሻ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ፣ የክፍያው ልክ በአዋጁ መሠረት ተቀመጠ፣ ሁለቱም ፈረሙ። አዋጁ አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያሳውቅም ያዛል፤ ይህ የተደረገው ግን በመዘግየት፣ ከስምምነቱ በኋላ ነው።

በመኪናው ላይ ምን ተለወጠ

ነጋዴው ኮምቦልቻ ውስጥ ካለ በያጅ ዘንድ ባለ ሦስት ረገጥ የብረት መሰላልና በካሶኒው ማዕዘን ላይ ሁለት መያዣ አሠርቷል። ከዚህ በፊት ሠራተኞቹ የሚወጡት ጎማ ረግጠው፣ ስፖንዳውን፣ ማለትም የካሶኒውን የጎን ግድግዳ፣ ጨብጠው ነበር፤ የሚወርዱትም ዘለው። አሁን ፊታቸውን ወደ መኪናው አድርገው፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁልጊዜ እንደያዘ እንዲወጡና እንዲወርዱ ተነግሯቸዋል። ሁለት የእንጨት ታኮዎች በሰንሰለት ታስረው ከመኪናው ጋር ይሄዳሉ። የላሜራው ጠርዝ ላይ በያጁ በኤሌክትሮድ ጎርበጥባጣ መስመሮች ጥሎበት፣ በላዩ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፣ ምክንያቱም የኋሊት የሚሄድ ሰው ጠርዙን በእግሩ ያውቀዋል። ዘይት አሁን ከጋቢናው ጀርባ በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይቆማል፣ የሚያፈስ ጄሪካን ከመጋዘን አይወጣም፣ የፈሰሰ ዘይት የሚመጥ አንድ ጣሳ የእንጨት ፍቅፋቂም ከመኪናው አይለይም። የመጨረሻው ሱቅ ዕቃ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ሱቅ ዕቃ መጨረሻ ላይ እንዲጫን ተደርጓል፤ ተይዞ የቀረ ጆንያም አንድ ሰው ብቻውን በጆሮው እንዳይስብ፣ በላዩ ያለው ቀድሞ እንዲነሳ ተስማምተዋል።

ያልተለወጡም አሉ። ጫማ ለመግዛት ቃል ተገብቷል፣ እስካሁን አልተገዛም። ክፍያው አሁንም በቁርጥ ነው፤ ነጋዴው በቀን ሒሳብ እንዲቀይረው ያቀረብኩትን ሐሳብ ሠራተኞቹ ራሳቸው አልወደዱትም፣ በጥሩ ቀን የሚያገኙት ይቀንሳል ብለው ፈሩ። ይህ ሥጋታቸው መሠረት ስላለው፣ ለማውረጃው የሚከፈለው ሳይነካ ለማሰናዳቱ፣ ማለትም ለታኮው፣ ለመጥረጉና ለመሰላሉ፣ ለብቻው አነስተኛ ክፍያ ይጨመር የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ በንግግር ላይ ነው። ከሰፈሩ ማኅበር ጋር ያለው ጉዳይ ፈጽሞ አልተነካም። ነጋዴው ከማኅበሩ ጋር ተቀምጦ የሰዓትና የዋጋ ስምምነት ካላደረገ ሩጫው ይቀጥላል፣ ሩጫው ካለ ደግሞ ታኮው በሰንሰለቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ወጣቱ ወገቡን በቀበቶ ታስሮ፣ ቀኝ እግሩን መሬት ሳያስነካ ለወራት በክራንች ቆይቷል። ወገቡ ጠግጓል፤ ነርቭ አልተነካም። ተረከዙ ግን ከሥሩ ያለው መጋጠሚያ ስለ ተጎዳ በለጥ ያለ ወለል ላይ ደህና ሲራመድ በኮብልስቶንና በተዳፋት ላይ ያመዋል፣ ሸክም ይዞ መቆምም አይችልም። አሁን በዚያው መጋዘን የሚገባና የሚወጣ ዕቃ እየቆጠረ ይመዘግባል፤ ደመወዙ በወር ሆኗል፣ የጽሑፍ ውልም አለው። የቀረው የዘለቄታ ጉዳቱ መጠን በመቶኛ መወሰኑ ነው። ይህን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ሲሆን፣ አዋጁ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ለሆነ ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙን፣ በከፊል ለተጎዳ ደግሞ ከዚያው ላይ በጉዳቱ መጠን የሚሰላ ካሣ ይፈቅዳል። በስምምነቱ ላይ ይህ ክፍል ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተደርጓል፤ ሐኪሙ የተረከዙ ሁኔታ ረግቷል ብሎ ሲጽፍ ሁለቱም ወገኖች የቦርዱን ውሳኔ ይዘው ለሂሳቡ ይቀመጣሉ።